ሙላቱ ይመር ከስክስ ያስረጀ ጊዜ

ሙላቱ «አዲስ ጫማ አስረጅልኝ» ሲባል መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሴትዮዋን ከሱቁ ማባረር ነው። ሮጬ የመለስኳት እኔ ነኝ። እሱ ታሪኩን ሲያወራ ይቺን ይዘላታል፤ ስለዚህ እኔ ልናገራት።

ፍቅሩ እባላለሁ። መርሳ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እለጥፋለሁ፣ ነፋስ እሞላለሁ፤ አፉ ከኮምፕሬሰሩ ይብሳል ይሉኛል። ይበሉ። ሙላቱ ጎረቤቴ ነው፤ በመካከላችን ያለችው አንዲት የቆርቆሮ ግድግዳ ናት። እሱ መዶሻ ባነሳ ቁጥር የኔ የሻይ ብርጭቆ ይንጫጫል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረናል። ተጣልተን የዋልንበት ቀን አለ እንጂ ተኳርፈን ያደርንበት ቀን የለም።

ጫማ ሠሪ ነው። ጠጋኝ አላልኩም፣ ሠሪ ነው ያልኩት። ቆዳ አምጡለት፣ እግራችሁን ወረቀት ላይ አቁማችሁ በእርሳስ ያዞርባችኋል፣ በሳምንቱ ጫማ ይሰጣችኋል። አሁን አሁን ግን ሁሉም ፕላስቲክ ነው የሚያደርገው፤ እሱም የሚውለው የላላ ሶል በማስቲሽ ሲያጣብቅ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ ይመር ቆዳ ያለፉ ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ፋቂ» ይሉታል፤ የሥራ ስም አድርገው መስሏችሁ? ስድብ አድርገው ነው። አብረውት ማዕድ አይቀርቡም ነበር፣ ልጅ አይድሩለትም ነበር። ዛሬ ቀርቷል ይባላል። አዎ፣ ጫማ ሲቀደድበት ሁሉም «ጋሽ ሙላቱ፣ ጋሽ ሙላቱ» እያለ ይመጣል። ጋብቻ ሲነሳ ግን ቀስ ብሎ ዘር ይጠይቃል። እኔን ያንጨረጭረኛል። እሱ ዝም ነው።

ካቻምና በጥቅምት አንድ ላንድክሩዘር የኋላ ጎማው ፈንድቶ እየተንፏቀቀ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። ሾፌሩና አንዲት ወጣት ሴት ወረዱ። ሳራ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ ናት፣ ሥራዋ ለፊልም ተዋናዮች ልብስና ጫማ ማዘጋጀት ነው። እኔ ጎማውን ስፈታ ሾፌሩ የተላቀቀ ሶሉን ሊያስለጥፍ ሙላቱ ዘንድ ገባ። ሙላቱ ጫማውን ተቀብሎ ገለበጠውና «ሾፌር ነህ» አለው።

«ከመኪና ስወርድ አይተኸኝ ነዋ!»

«አላየሁህም። የቀኝህ ተረከዝ በኋላ በኩል ተበልቷል፤ ነዳጅና ፍሬን ላይ ስታመላልሰው ነው። ግራ ጉልበትህንም ያምሃል፤ ስትሄድ ወደ ውጭ ትጥለዋለህ።»

ሰውዬው አፉን ያዘ። ሳራ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ወደ መኪናው ሄዳ አንድ ጥንድ ከስክስ ይዛ መጣች። ያ የድሮ ወታደር የሚያደርገው፣ እስከ ቅልጥም የሚደርስ፣ ሶሉ በሚስማር የተመታ። አዲስ ነው፣ ቆዳው ገና ይሸታል።

«ጋሽዬ» አለችው፣ «ይሄን አስረጅተው የብዙ ወር መንገድ የሄደ ማስመሰል ይችላሉ? ስምንት ጥንድ አለን። ፊልሙ በንጉሡ ጊዜ ከደሴ ወደ ሰሜን በእግራቸው ስለሚሄዱ ስምንት ወታደሮች ነው። አዲስ አበባ አንድ ሰው አንዱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ሞከረልን፤ ዳይሬክተሩ ገና ሲያየው ወረወረው።»

ሙላቱ ከስክሱን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ አሸተተው፣ ስፌቱን ቆጠረው። «ጥሩ እጅ ነው የሠራው» አለ። ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ። «እና ይሄን ላበላሸው?»

«ማበላሸት አይደለም ጋሽዬ፣ ማስረጀት...»

«እኔ አርባ ዓመት ያረጀ ሳድስ የኖርኩ ሰው ነኝ! አዲስ አበላሽ ትይኛለሽ? ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ፣ ሥራ አታስፈቺኝ!»

ልጅቷ ደንግጣ ወጣች። እኔ እጄ እንደጠቆረ ተከትያት ሮጥኩ። የገረመኝ ነገር ስለነበር ነው፤ ሙላቱ እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «እስቲ ቆይ» አልኳት፣ «ፊልም ላይ የሠራ ሰው ስሙ ይወጣል የሚባለው እውነት ነው?»

«አዎ፣ መጨረሻ ላይ። ጫማ ብለን ሙሉ ስማቸውን እንጽፋለን፣ ከነአባታቸው።»

ክንዷን ይዤ መለስኳት። በበሩ አንገቴን አስገብቼ «ሙላቱ! ስምህ ይጻፋል! ሙላቱ ይመር ተብሎ!» አልኩት። መዶሻውን አስቀመጠ።

ለምን እንዳስቀመጠ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ወር የጎማ ከመነዳሪ ልገዛ ወልድያ ወጥቼ መናኸሪያው አጠገብ የሙላቱን ልጅ አማኑኤልን አገኘሁት። አንድ ልጁ ነው፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ቆሟል። ሰላም ተባባልን፣ ጎረቤታቸው እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አንደኛው ጓደኛው ትሑት ነገር ነው፣ «ውይ፣ የአማኑኤል አባት ሱቅ አጠገብ ነዎት? ልብስ ነጋዴ ናቸው አይደል?» አለኝ። አማኑኤል መሬት መሬት አየ። እኔም፣ ይሄ የማያርፍ አፌ፣ ያን ጊዜ ብቻ አረፈ።

ቢያርፍ ምን አለበት ነበር መርሳ ስመለስም! ንዴቴን ይዤ መጥቼ ለሙላቱ ዘረገፍኩለት። «ልጅህ አንተን ልብስ ነጋዴ አድርጎሃል!» አልኩት። ሙላቱ ወስፌውን ከቆዳው አወጣ፣ መልሶ አስገባ። «ልብስ ነው ያለው?» አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ደህና ዋልክ ወይ ብለው ራሱን ብቻ ይነቀንቅልኛል። በዚያች ወስፌ ነው ያንን ልጅ ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ ያስተማረው። ከዚያ ወዲህ ሙላቱ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያ ልጅ ሰው ፊት ቆሞ «አባቴ ጫማ ሠሪ ነው» እንዲል። ስሙ በፊልም ከወጣ ልጁ አይደብቀውም ብሎ አሰበ። እኔም እንደዚያው አሰብኩ።

ተስማሙ። በሦስት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሳራ ከወልድያ መጥታ ስምንቱን ትወስዳለች።

መጀመሪያ በእጁ ሞከረ። አንዱን ከስክስ ጭኑ ላይ አድርጎ ብርጭቆ ወረቀት ያዘ፣ የጫማውን አፍንጫ ፈግፈግ አደረገው። ጨርቅ ላምባ ውስጥ ነክሮ አሸው፣ በጭቃ ለወሰው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ማግስቱን አንስቶ አየውና «ፍቅሩ፣ ና እስቲ» አለኝ። «ይሄ የታመመ ጫማ ነው እንጂ ያረጀ አይደለም። የሄደ ጫማ የሄደበትን ይናገራል። ይሄ ምን ይናገራል?»

«እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ለኔ ምንም አልነገረኝም» አልኩት።

«ሰው ነው የሚያስፈልገው። እግር ነው የሚያስፈልገው» አለ። ያቺን ያመማትን ከስክስ ቀኑን ሙሉ ሲያክማት ዋለ።

እናም ስምንት ጥንድ እግር ፈለገ። ዝም ብሎ ያገኘውን እንዳይመስላችሁ። የሚሄድ፣ የሚሸከም፣ የሚቆም ሰው መረጠ። እህል በረንዳ ጆንያ የሚሸከመው ኢዘዲን አንድ፤ ከግራና መንደር ማንጎ በአህያ ጭኖ የሚመጣው ጀብሪል ሁለት፤ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ሽፈራው ሦስት። ጋሽ ሽፈራው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ በንጉሡ ጊዜ ወታደር ነበሩ፤ ከስክሱን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው መሆኑንም ረሱት። ከመናኸሪያው ተራ አስከባሪ፣ ከቦይ ቆፋሪዎች ሁለት ሰው፣ ሰባተኛው እኔ። ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ብድግ ስለምል የኔ ከስክስ ጣት መታጠፊያው ላይ ይሰበራል አለኝ። ስምንተኛውን ጥንድ አማኑኤልን ጠርቶ ሰጠው። «ቁጥሩ ያንተ ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ እየሄድክበት ተማርበት» አለው። ልጁ በፌስታል ተቀብሎት ሄደ።

ለእያንዳንዳችን ተንበርክኮ አስሮልናል። «ልበሱት፣ ሥሩበት፣ ሂዱበት። ቅዳሜ ጠዋት መልሱልኝ» ነው ያለው። ሌላ አላለም። ምን ይበል? ያልተባለው ነገር እኮ ማንም የሚያስበው ነገር አልነበረም።

ሦስት ሳምንት ሠራንበት። የኔ ግሪስ ጠጣ። የኢዘዲን አተላ ውስጥ ገባ፣ የማሽላ ገለባ ተሰካበት። የቦይ ቆፋሪዎቹ ከጉልበት በታች ጭቃ ነበሩ። ሙላቱ በሩ ላይ ስናልፍ እግራችንን እያየ ይስቃል፤ «በርቱ፣ በርቱ!» ይለናል። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው!

ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። እኔ ሱቄን ስከፍት ሙላቱ ቀድሞኝ ደጁን ጠርጎ፣ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ ይጠብቃል። ነጭ ሸሚዝ አድርጓል፣ ሚስቱ ንግሥት የተኮሰችለት። ከስክሴን በካርቶን ይዤ ሄድኩና አስቀመጥኩለት። አየው። አየኝ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ከስክስህ ነዋ።»

«ምን አደረግኸው?»

ምን አደረግኩት? አርብ ከሰዓት በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ መናኸሪያ ወስጄ ሁለት ዙር ቀለም አስቀብቼው! ፊታችሁን ታዩበታላችሁ። ማርጀቱን አርጅቷል፣ እድፉ ጭምር ይፈለጋል ያለኝ የለም፤ የሰው ዕቃ አይደለም እንዴ? ተውሶ አቆሽሾ የሚመልስ ሰው የት አገር አለ? እኛ ዘንድ የጎረቤት ሰሃን እንኳ ታጥቦ፣ የሆነ ነገር ጣል ተደርጎበት ነው የሚመለሰው። ይሄን ልነግረው አፌን ስከፍት ኢዘዲን ከች አለ። የሱ ይብስ! በኦሞ ታጥቧል፣ ማሰሪያው ተቀይሯል፣ ሚስማሮቹ ሳይቀሩ ተወልውለዋል።

«ጉድ ፈላ!» አለ ሙላቱ። «ኢዘዲን፣ ምን አደረግኸኝ?»

«ወላሂ ጋሽ ሙላቱ፣ የሰው ዕቃ በጭቃ ልመልስሎት? ምን ነክቶኝ? እናቴ ከነነፍሴ ትቀብረኛለች!»

ተራ አስከባሪው መጣ፤ ያበራል። ቦይ ቆፋሪዎቹ ተያይዘው መጡ፤ ያበራሉ። ጀብሪል ከግራና መጣ፤ የሱ ቀለም ብቻ አይደለም የተቀባው፣ እያንዳንዱ ከስክስ ውስጥ ሦስት ሦስት ማንጎ ተሰክቷል። «ባዶውን እንዳልመልስ አፍሬ ነው» አለ። ጋሽ ሽፈራው የመጨረሻው ነበሩ፤ የሳቸው ለወታደር ሰልፍ የተዘጋጀ ነው። ሙላቱ ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለና ራሱን ያዘ። «ገደላችሁኝ! እኔ እኮ እንዲያረጅልኝ ነው የሰጠኋችሁ! ስድስት ሰዓት ላይ ትመጣለች! ምን ብዬ ላሳያት? ስሜንስ? በቃ፣ ስሜ ቀረ!»

ሰባት ሰው ቆመን እግራችንን እናያለን። አሳፈረኝ፣ አናደደኝም። ልንረዳው ብለን አረድነው።

ያን ጊዜ ነው አማኑኤል ከወልድያ ሚኒባስ ወርዶ የመጣው። ከፌስታሉ ሲያወጣው ከስክሱ አቧራ በአቧራ ነው። «ይኸውላችሁ!» ብዬ ጮህኩ፤ «አንድ ሰው፣ አንድ የተማረ ሰው ትእዛዝ ሰማ!» ደስ ብሎኝ ልጁን ልስመው ነበር። ሙላቱም ፊቱ በራ። ከስክሱን ተቀበለ፣ የጫማውን አፍንጫ በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ አጠፈው፣ ገልብጦ ተረከዙን አየ። ቀስ ብሎ ያ ብርሃን ከፊቱ ሲጠፋ አየሁት።

«ስንት ቀን ነው ያደረግኸው?»

«ሦስቱንም ሳምንት፣ አባዬ።»

«ጣትህ ከሚታጠፍበት ላይ መስመር የለም። የተረከዙ ሚስማር አልተነካም። አቧራው ዛሬ ጠዋት ነው የተቀባው፤ በጨርቅ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለት ቀን ነው ያደረግኸው። ቢበዛ ሦስት።»

ሙላቱ ክንዱን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባው። ግድግዳችን ግን ቆርቆሮ ነው፤ ሁሉን ሰማሁ።

«የዶርም ልጆች ወደዱት» አለ አማኑኤል። «ማን ሠራልህ፣ ከየት አመጣኸው አሉኝ። ምን ልበላቸው? አውልቄ አልጋ ሥር ከተትኩት።»

«አባቴ ሰጠኝ ማለት ምን ይቸግራል?»

«ቀጥሎ አባትህ ምንድነው ይሉኛላ! አባዬ፣ አንተ አታውቅም። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የፋቂ ልጅ ስባል ነው የኖርኩት። እዚያ ማንም አያውቀኝም። አንድ ቦታ እንኳ ልረፍ!»

«አዘንኩብህ» አለ ሙላቱ። «እኔም ተብያለሁ። አባቴም ተብለዋል። እኔ ግን ይመር ምንህ ነው ሲሉኝ የኔ አባት ነው ከማለት ቀርቼ አላውቅም።»

መኪና ቆመ። ሳራ ናት፤ ሰዓቷን ቀድማ መጥታለች። የማርያም ያለህ አልኩ። ገባች፣ ሰላም አለች፣ ከረጢቱ ላይ የተደረደሩትን አየች። ሰባት የሚያበሩ፣ አንድ አቧራ የለበሰ። አቧራማውን አነሳች። አገላበጠችና መልሳ አኖረችው። «ይሄኛው አዲስ አበባ እንደተሠራው ነው» አለች። «አቧራ አለው፣ ሰው የለበትም።» አማኑኤል በሩ ላይ ቆሞ ሰማት።

ከዚያ የኢዘዲንን አነሳች፣ አጠፈችው። የኔን አነሳች፣ ገለበጠችው። «ጋሽ ሙላቱ፣ እነዚህ ተወልውለዋል እኮ» አለች።

«ልጄ፣ ጥፋቱ...» ብሎ ሙላቱ ሲጀምር ጋሽ ሽፈራው አቋረጡት። የወታደር ድምፃቸው እንዳለ ነው።

«ምን ጥፋት አለበት! የንጉሥ ወታደር ያልተወለወለ ጫማ አድርጎ ሰልፍ ቢቆም ሦስት ቀን ታስሮ ነበር የሚውለው። መንገድ ላይም ብንሆን ጠዋት ጠዋት ቀለም እንቀባለን፣ ረፋድ ላይ አቧራ ይለብሳል። በማግስቱ እንደገና። ቀለም ላይ አቧራ፣ አቧራ ላይ ቀለም። ከስክስ የሚያረጀው እንደዚያ ነው። ማነው ዝም ብሎ በጭቃ የሚሄድ ወታደር የነገረሽ?»

ሳራ አየቻቸው። ሙላቱም አያቸው፣ ቀና አለ። «አድርጉት» አለን። «ሰባታችሁም አድርጉትና በግራናው ጥርጊያ ሂዱልኝ። ድልድዩ ደርሳችሁ ተመለሱ።»

አደረግን። በዚያ በመርሳ ፀሐይ ሰባት ሽማግሌና ጎልማሳ ተሰልፈን፣ ጋሽ ሽፈራው ፊት ፊት፣ «ግራ፣ ቀኝ!» እያሉን። ባጃጅ ያቆመ ሁሉ ይስቅብናል። ይሳቅ! ስንመለስ ሳራ መሬት ላይ ተንበርክካ በስልኳ ታነሳን ጀመር። አቧራው ቀለሙ ላይ ስስ ሆኖ ተኝቷል፤ በሦስት ሳምንቱ የእጥፋት መስመሮች ውስጥ ገብቷል፤ እያንዳንዱ መስመር ተነቧል። የኢዘዲን በሸክም ወደ ጎን ተንሻፏል። የኔ አፍንጫው ወደ ላይ ዞሯል። ባይወለወሉ ኖሮ ይሄ አይታይም ነበር፤ እሷው ናት ያለችው። ፎቶውን ለዳይሬክተሩ ላከች፣ ጠበቀች፣ ደወለች። «ይሁን ብሏል!» አለች፣ ሳቀች። «ግን ስምንቱም እንደዚህ መሆን አለባቸው። ስምንቱ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። ረቡዕ ጠዋት ቀረጻ ይጀመራል፤ ያ አንዱ ካልደረሰ ዳይሬክተሩ በሌላ ሰው ስምንቱንም እንደ አዲስ ያሠራል።»

ሁላችንም አማኑኤልን አየነው። አቧራማውን ከስክስ አንስቶ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ፣ አደረገው፣ አሰረው። ቦርሳውን ምሳ ይዛ ለመጣችው ለእናቱ ለንግሥት ሰጠና በወልድያ መንገድ ሄደ። በእግሩ።

አራት ቀን ሄደ። ወልድያ ወጣ፣ በማግስቱ ተመለሰ። ግራና ወረደ፣ ተመለሰ። ጠዋት ቀለም ይቀባል፣ ማታ አቧራ ለብሶ ይገባል። ማክሰኞ ከሰዓት ሲገባ ያነክስ ነበር፤ ንግሥት የሞቀ ውኃና ጨው አቀረበችለት፣ ተረከዙ ቆስሏል። ሙላቱ ከስክሱን ተቀብሎ አጠፈው። ገልብጦ አየው። ብዙ አየው።

«ግራህን ትጫናለህ» አለው። «ልክ እንደ አያትህ።»

ልጁ ቀና ብሎ አየው፣ መልሶ እግሩን አየ። ይቅርታ አላለም። ሙላቱም አልጠየቀውም። እኔ ብሆን ጆሮውን ይዤ አስለው ነበር፤ ግን ልጁ የኔ አይደለም። ረቡዕ በማለዳ ሳራ መጥታ ከስክሱን ወሰደችው፣ አማኑኤልም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እዚያ ጓደኞቹ ፊት ምን ብሎ እንደኖረ አላውቅም። ሙላቱም አያውቅም። ያቺ እሾህ እንደተቀረቀረችበት ነበረች።

ፊልሙ ባለፈው ዓመት ወጣ። አንድ እሑድ ከሰዓት ወልድያ አዳራሽ ውስጥ አሳዩት። ሙላቱ፣ ንግሥትና እኔ በጊዜ ሄደን ከኋላ ተቀመጥን። አዳራሹ በተማሪ ጢም ብሏል። አማኑኤል ከፊት በኩል ከጓደኞቹ መሀል ነበር፤ ዞር ብሎ አየን፣ እጁን አነሳ፣ መልሶ ዞረ። ወደኛ አልመጣም። ሙላቱ ነጭ ሸሚዙን አስተካከለ። እኔ ምን እንዳልኩ እዚህ አልናገርም።

ስለ ፊልሙ አትጠይቁኝ። እኔ ከወገብ በላይ ያየሁት ነገር የለም። ስምንቱ ሲሄዱ፣ ሲወድቁ፣ ሲነሱ፣ እኔ እግራቸውን ብቻ ነው ያየሁት። አንዴ የኔ ከስክስ ስክሪኑን ሞልቶት ሲመጣ ንግሥትን ጎሸምኳት።

አለቀ። መብራት ቦግ አለ። ስክሪኑ ጠቆረና ስም መውጣት ጀመረ፣ ትንንሽ ፊደል፣ ፈጥኖ የሚሄድ። ሰውም እንደተለመደው ተነሳ። ወንበሩ ይንጓጓል፣ ሁሉም ያወራል፣ ጀርባ በጀርባ ሆነ፣ ከፊታችን ስክሪኑ ተሸፈነ። ሙላቱ ተነሳ፣ በእግር ጣቱ ቆመ፣ አንገቱን ወዲህ ወዲያ አለ። ቁመቱ አጭር ነው። ንባቡም ቶሎ አይደለም።

«ፍቅሩ፣ አለፈ እንዴ?» አለኝ። «አለፈ?»

እኔም አይታየኝም። ያን ሁሉ ሰው በጡጫ ልደረምሰው ነበር ያማረኝ።

ያን ጊዜ ከፊት በኩል አንድ ሰው ወንበር ላይ ወጣ።

«ቁጭ በሉ!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ቁጭ በሉ! ስሙ ገና አልወጣም! የአባቴ ስም ገና አልወጣም!»

አማኑኤል ነው። ሰው ዞሮ አየው። «አባትህ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የሠራው?» አለ አንዱ፣ እየሳቀ።

«ጫማውን! ስምንቱንም ከስክስ!» አለ። «አባቴ ጫማ ሠሪ ነው! እዚያ ከኋላ የቆመው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው፣ አባቴ ነው!»

ከፊት ያሉት ተቀመጡ። ከዚያ መሀሉ ተቀመጠ። ስክሪኑ ተገለጠ። ስሙ ከታች ብቅ አለ፣ «ጫማ፦ ሙላቱ ይመር» ይላል፤ ወደ ላይ ወጣ፣ አለፈ። እኔ አንብቤዋለሁ፣ ንግሥትም አንብባዋለች። ሙላቱ አላየውም። ልጁን ነበር የሚያየው።